የእንግዴ ልጅ አወጣጥና የፊዚክስ ሕግ

ልጅ ተወልዶ እልል ሲባል ወሊዱ የተፈጸመ ይመስለናል። ሆኖም የእንግዴ ልጁ ገና አልወጣምና ለእናቲቱ አስጊ የሆነው ጊዜ አላለፈም። የእንግዴ ልጅ በተፈጥሮ እንዴት እንደሚላቀቅና ደሙም እንዴት እንደሚቆም ቀጥለን እንመለከታለን።

ወራቱን የጨረሰ የእንግዴ ልጅ ወደ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋትና ወደ ግማሽ ኪሎ ግራም ክብደት አለው። ሕፃኑ ሲወጣ ማኅፀን ስለሚኮማተር፣ የእንግዴ ልጁ የተጣበቀበት ገጽ ይጠብባል፤ እርሱ ራሱ ግን መኮማተር አይችልም። በተነፋ ፊኛ ላይ ወረቀት ለጥፈን አየሩን ብናስወጣው ወረቀቱ እየተጨማደደ ይላቀቃል። የእንግዴ ልጁም የሚላቀቀው በዚሁ ዓይነት ነው። እትብቱ ሲረዝም፣ ጥቂት ደም ድንገት ሲፈስና ማኅፀኑ ክብና ጠንካራ ሲሆን መላቀቁ ይታወቃል።

በወሊድ ሰሞን ወደ ማኅፀን በደቂቃ ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ይፈስሳል። ታዲያ የተከፈቱትን የደም ሥሮች ምን ይዘጋቸዋል? ሥሮቹ የሚያልፉት እርስ በርስ በተጠላለፉ የጡንቻ ክሮች መካከል ስለሆነ፣ ጡንቻው ሲኮማተር አንቆ ይይዛቸዋል። ፈረንሳዊው ሐኪምና የፊዚክስ ተመራማሪ ፕዋዙይ በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ በቀጭን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ፈሳሽ መጠን ከሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ጋር ይመጣጠናል። ይህን በግርድፉ ለደም ሥር ብንጠቀምበት፣ ሬዲየሱ በግማሽ ሲቀንስ ፍሰቱ ወደ አንድ አሥራ ስድስተኛ ይወርዳል ማለት ነው። ማኅፀኑ ካልተኮማተረ ግን ሥሮቹ ክፍት ይቀራሉ።

ኦክሲቶሲን የተባለው ሆርሞን ይህን መኮማተር ያበረታታል፤ ሕፃኑ ጡት ሲጠባም ከእናቲቱ አንጎል ይመነጫል። ይሁን እንጂ ተፈጥሮ ሁልጊዜ በቂ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር፣ በሂንቺንግብሩክ ሆስፒታል፣ ለደም መፍሰስ ብዙም ባልተጋለጡ 1,512 እናቶች ላይ የተደረገ ጥናት ታትሞ ነበር። 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ደም የፈሰሳቸው፣ መድኃኒት ተሰጥቷቸው በባለሙያ እገዛ ከወለዱት መካከል 6.8 በመቶ፣ በተፈጥሮ ከተጠበቁት መካከል 16.5 በመቶ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም ለወላድ ሁሉ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን እንዲሰጥ ይመክራል።

በአገራችን ዛሬም በቤታቸው የሚወልዱ እናቶች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ያልተላቀቀ የእንግዴ ልጅን በእትብቱ መጎተት ማኅፀኑን ሊገለብጥ ወይም እትብቱን ሊበጥስ እንደሚችል ለቤተሰቦቻችን እናስረዳ። ደም ከበዛ ወዲያውኑ፣ ባይበዛም ግማሽ ሰዓት ካለፈ፣ እናቲቱን ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም ማድረስ ይገባል።