ሳሙና ከምግብ በፊት ወይስ ከምግብ በኋላ?

ሰው የተሰወረውን ነገር ባያውቅ አይፈረድበትም። በቀትር ብርሃን ከፊቱ የቆመውን ነገር አላየሁም የሚል ሰው ግን ጕዳቱ ከእርሱ አልፎ ለቤተ ሰቡና ለጎረቤቱ ይተርፋል። በጤና ጥበቃ ሥራ ላይ ያለነውን ከሁሉ ይልቅ የሚያደክመን ይኸው የታወቀውን እውነት እንዳልታወቀ አድርጎ የመኖር ልማድ ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ የቆየ ታሪክ እናቅርብ።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1840ዎቹ ዓመታት በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና፣ በአንድ ታላቅ ሐኪም ቤት ውስጥ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። በአንደኛው ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፣ በሁለተኛው አዋላጆች ይሠሩ ነበር። በሐኪሞቹ ክፍል ከወላዶች ከመቶ 10 የሚሆኑት ሲሞቱ፣ በአዋላጆቹ ክፍል የሚሞቱት ግን ከመቶ 4 አይሞሉም ነበር። ይህን ልዩነት የከተማይቱ ድኾች ሴቶች አጥርተው ያውቁት ነበር። ሁለቱ ክፍሎች ወላዶችን በተራ ቀን ይቀበሉ ስለ ነበረ፣ የሐኪሞቹ ተራ በሆነበት ቀን የመጣችው ሴት ወደዚያ እንዳያስገቧት ተንበርክካ ትለምን ነበር። በመንገድ ላይ የወለደችው እንኳ በሐኪሞቹ እጅ ከወለደችው ይልቅ የመዳን ዕድል ነበራት። ሊቃውንቱ ግን ምክንያቱን ከአየር ጠባይ፣ ከክፍሉ መጨናነቅ፣ ከወላዶቹም ፍርሃት ጋራ እያያያዙ ይከራከሩ ነበር።

በሀንጋሪ የተወለደው ወጣቱ ሐኪም ኢግናዝ ሴመልቫይስ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሣው። በ1847 ዓ.ም. ያኮብ ኮሌችካ የተባለ ባልንጀራው ሬሳ ሲመረመር በአንድ ተማሪ ቢላዋ ተወግቶ ሞተ፤ የሞተበትም ሕመም ከወላዶቹ ሕመም ጋራ አንድ ሆኖ ተገኘ። ሐኪሞቹ ሬሳ ሲመረምሩ ቈይተው በዚያው እጃቸው ወላዶችን ይዳስሱ ነበር፤ ቢታጠቡም እንኳ ሽታው ከእጃቸው አይለቅም ነበር። አዋላጆቹ ግን ሬሳ አይነኩም። ስለዚህ ሴመልቫይስ የክሎሪን ኖራ በተበጠበጠበት ውኃ እጁን ያልታጠበ ሰው ወደ ወላድ እንዳይቀርብ አዘዘ። በአፕሪል ወር ከመቶ 18 የነበረው ሞት በጁን ወር ወደ 2 ያህል ወረደ።

ከዚህ በኋላ ክርክሩ የሚያበቃ ይመስላል፤ አላበቃም። ነገሩን መቀበል የገደልናቸው እኛው ነን ብሎ ማመን ስለ ሆነባቸው ብዙዎቹ እምቢ አሉ። በአሜሪካ የፊላዴልፊያው መምህር ቻርልስ ሜይግስማ ሐኪም ጨዋ ሰው ነውና እጁ ንጹሕ ነው እስከ ማለት ደረሰ። ሴመልቫይስ በ1849 ዓ.ም. ሥራው ሳይታደስለት ቀረ፤ በ1865 ዓ.ም. በአእምሮ ሕሙማን መጠበቂያ ውስጥ በ47 ዓመቱ ሞተ።

በእነዚያ ሊቃውንት ከመሣቃችን በፊት የራሳችንን ማዕድ እንመልከት። በዚህ ረገድ አገራችን ከብዙ አገሮች የተሻለ ልማድ አላት። በውጭ አገር በተማርንበት ጊዜ ከመንገድ እንደ ገባ ዳቦ የሚቈርስ ሰው ባየን ቍጥር የቤታችን ኩስኩስትና ማስታጠቢያ ትዝ ይለን ነበር። ልጁ ፎጣውን በትከሻው ጥሎ፣ ከታላቅ ጀምሮ በተራ ሲያስታጥብ ማየት ደስ ያሰኛል። ነገር ግን አስተውሉ፤ ከምግብ በፊት በቀኝ እጅ ጣቶች ላይ ጥቂት ውኃ ይንጠባጠብና «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ይባላል። ሳሙናው የሚመጣው ማዕዱ ከተነሣ በኋላ ነው። ለምን ቢሉ የወጡ ቅባትና ሽታ እንዲለቅ! በእሳት የበሰለውን ንጹሕ ወጥ በሳሙና እናሳድደዋለን፤ ከገንዘብ፣ ከአውቶቡስ መደገፊያ፣ ከሽንት ቤት በር የመጣውን እድፍ ግን ሽታ ስለሌለው ከእንጀራው ጋራ እንጐርሰዋለን። ጕርሻ ሲሆንማ ለምንወደው ሰው በገዛ እጃችን ከአፉ እናደርስለታለን።

ለትልቅ ሰው ሁለት ቀን የሚያስተኛው ተቅማጥ የሕፃኑን ሰውነት አድርቆ ይገድለዋል። ተውሳኩ ከእጅ ቅባት ጋራ ተጣብቆ ስለሚኖር ውኃ ብቻውን አያነሣውም፤ ሳሙና ግን ቅባቱን ፈትቶ ያስለቅቀዋል። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች እንዳስረዱት፣ በሳሙና የመታጠብ ልማድ በተያዘበት ስፍራ ተቅማጥ ከሦስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል። «አባቶቻችን ያለ ሳሙና ኖረዋል» የሚል አይጠፋም። ስንት ወልደው ስንት እንደ ቀበሩ አያቶቻችንን ብንጠይቃቸው እነርሱው ይመልሱልናል።

መምህራንን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ተማሪው «እጃችንን እንታጠብ» የሚለውን ከሰሌዳው ላይ በጥሩ ጽሕፈት ይገለብጣል፤ ወዲያው ወደ ሽንት ቤት ይሄዳል፤ በዚያ ግን አንዲት ጠብታ ውኃ አያገኝም። ቧንቧ ከሌለ፣ ከበሩ አጠገብ ከግርጌው በምስማር የተበሳ፣ ቀዳዳው በእንጨት የሚወተፍ አንድ ጀሪካን ይሰቀል። ሳሙናው ይሰረቃል ለሚሉ ደግሞ፣ ስብርባሪውን በውኃ በጥብጦ በጠርሙስ ማኖር ይበቃል፤ በጥብጥ ሳሙና የሚነግድ ሌባ እስካሁን አላጋጠመንም።

በቤትም ለሚያስታጥበው ልጅ ሳሙናውን በመጀመሪያው ዙር እንዲያመጣ መንገር አያስቸግርም። እንግዳው እንደ ቆሻሻ የተቈጠረ መስሎት ቅር እንዳይለው ግን፣ በዚያ ቀን የቤቱ ጌታ አስቀድሞ ይታጠብበት።