ገና ስም ያልወጣለት የጣና ዓሣ

ክረምት ሲገባ ከጣና ወደ ገባር ወንዞቹ ሽቅብ የሚዋኝ ዓሣ አለ። አጥማጆቹ ነጭ ዓሣ ይሉታል፤ ተመራማሪዎች ደግሞ ላቤኦባርበስ። በጣና ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹ በዓለም ላይ ከዚያ በቀር አይገኙም። ቢያንስ ሰባቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት በወራጅ ውሃ፣ በጠጠር መካከል ነው። ከገባሮቹ ትልቁ ግልገል አባይ ነው፤ የዳንግላን አካባቢ የሚያጠጣው ክልቲም ወደ እሱ ይገባል። ስለዚህ ዳንግላ ከምትገኝበት ከአዊ ማሳ የሚታጠበው አፈር የጣና ዓሣም ጉዳይ ነው። እንቁላሉ ደለል ከለበሰው ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል።

ከእንቁላል የወጣው እጭ ርዝመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል፣ አፉ በወጉ አልተሠራም፤ ከሆዱ ሥር ያንጠለጠለውን አስኳል እየመጠጠ ይሰነብታል። በማይክሮስኮፕ ሲታይ መጀመሪያ ቀጥ ያለው የጀርባ ዘንግ ኋላ ጫፉ ወደ ላይ ይታጠፋል፤ የጅራት ክንፉም ከሥሩ ይበቅላል። ባለሙያዎች የእጭን ዕድገት ደረጃ ከሚለዩባቸው ዋና ምልክቶች አንዱ ይህ መታጠፍ ነው።

እጩ የየትኛው ዓሣ ወገን እንደሆነ መለየት ብዙ አያስቸግርም። አምባዛ ከፍ ሲል አራት ጥንድ ጢም ያወጣል፤ እንቁላሉም በጎርፍ በተጥለቀለቀ ሣር ላይ ተጣብቆ፣ ውሃው ሞቅ ካለ በአንድ ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ቀረሶ ጢም የለውም። እናቱ እንቁላሉንም ጫጩቱንም በአፏ ስለምትይዝ፣ አስኳል የተሸከመ የቀረሶ እጭ መረብ ውስጥ እምብዛም አይገባም። ነጭ ዓሣ ሲያድግ ሁለት ጥንድ ጢም አለው። ለቀሩት የጡንቻ ክፍልፋዮችን ቁጥርና የጥቁር ነጠብጣቦችን አቀማመጥ ማየት ነው።

ጭንቁ ያለው የነጭ ዓሣ ዝርያዎችን እርስ በርስ መለየት ላይ ነው። ትልልቆቹ በአፋቸውና በጭንቅላታቸው ቅርጽ ይለያሉ፤ እጮቹ ግን አንድ ይመስላሉ። ለሌሎች ዓሣዎች የሚያገለግለው ከእናት የሚወረስ የዲኤንኤ ምርመራም እዚህ ብዙ አይረዳም፤ ዝርያዎቹ በቅርብ ጊዜ የተለያዩ ስለሆኑ ልዩነቱ እጅግ ትንሽ ነው። አስተማማኙ መንገድ ዝርያቸው ከታወቀ ወላጆች እንቁላል ወስዶ አሳድጎ እያንዳንዱን ደረጃ በሥዕል መመዝገብ ነው። ይህ አድካሚ ሥራ ነው፣ ግን ሊዘለል አይገባም፤ የትኛው ዝርያ የት እንደሚራባ ሳይታወቅ የትኛውን ወንዝ ቀድሞ መጠበቅ እንደሚያስፈልግ መወሰን አይቻልም።

እስከዚያው ግን የአዊና የጎጃም የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ሁለት ነገር ማድረግ ይችላሉ፦ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ከወንዙ ጠጠር አለማውጣት፣ ዓሣ ለመያዝም መርዛማውን የብርብራ ዱቄት ውሃ ውስጥ አለመበተን።