የቤት ስም በኮምፒውተር መዝገብ፦ ከጄድኮም ጋር ትውውቅ

በሚዛን ተፈሪ፣ በቴፒ ወይም በማሻ የሚኖር ቤተሰብ የዘር ሐረጉን ልጻፍ ብሎ ሲነሣ ገና በመጀመሪያው ገጽ ስም ያስቸግረዋል። አያት በቀበሌ መታወቂያቸው ላይ አንድ ስም አላቸው። ነፍስ አባታቸው የሚያውቋቸው በክርስትና ስማቸው ነው። ጎረቤት «የእከሌ እናት» እያለ ይጠራቸዋል። እናታቸው ደግሞ በተወለዱ ጊዜ በቤንችኛ፣ በሸኮኛ ወይም በከፊኛ ያወጡላቸው ስም አለ፤ እሱን ዛሬ የሚያስታውሱት አንድ ሁለት እኩዮቻቸው ብቻ ናቸው። በበበቃና በቴፒ የቡና እርሻዎች ሊሠራ፣ ሊነግድ ወይም ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ በሰፈራ ከወሎና ከትግራይ ወደዚህ የመጣው ሰውም የየአገሩን የስም ልማድ ይዞ ነው የመጣው። እነዚህ ቤተሰቦች ተጋብተዋል፣ ተዋልደዋል። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ግማሹ ሚዛን፣ ግማሹ አዲስ አበባ፣ ግማሹ ባሕር ማዶ ነው። የዘር ሐረጉን የሚጽፉትም እነሱ ናቸው፤ የሚጽፉት ግን በየራሳቸው ሶፍትዌር ነው።

አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያነበው በመካከል የሚመላለስ የፋይል ዓይነት አለ፤ ጄድኮም ይባላል። የዘር ሐረግ የሚጽፍ ሰው ከፕሮግራሙ ይልቅ ይህን ፋይል ቢያውቅ ይጠቀማል፤ ስሞች ተርፈው የሚሻገሩትም ሆነ ጠፍተው የሚቀሩት እዚያ ላይ ነውና።

ጄድኮምን ያወጣችው በተለምዶ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን የምትባለው የኢየሱስ ክርስቶስ የኋለኛው ቀን ቅዱሳን ቤተ ክርስቲያን ናት። አባቶችንና ቅድመ አያቶችን ፈልጎ መመዝገብ የእምነቷ አካል በመሆኑ የአባላቷን መረጃ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የምታሻግርበት ወጥ ሥርዓት ያስፈልጋት ነበር። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ከዚያ ወዲህ ሩትስማጂክ፣ ሌጋሲ፣ ፋሚሊ ትሪ ሜከርና በነፃ የሚገኘው ግራምፕስ ሁሉም ጄድኮም ያነባሉ፣ ይጽፋሉም። ከአንዱ ወጥቶ ወደ ሌላው መግባት የሚፈልግ ሰው መረጃውን በዚህ ፋይል አውጥቶ በዚያው ያስገባል።

ፋይሉ በውስጡ ምንም የተሰወረ ነገር የለውም። በኖትፓድ ቢከፈት በመስመር በመስመር የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ነው። እያንዳንዱ መስመር በቁጥር ይጀምራል፤ ቁጥሩ ደረጃን ያሳያል። ዜሮ አዲስ ሰው ወይም አዲስ ቤተሰብ መጀመሩን ይናገራል፤ አንድ ስለዚያ ሰው የሚነገረውን ጉዳይ፣ ሁለት ደግሞ የጉዳዩን ዝርዝር፣ ሦስት የዝርዝሩን ማብራሪያ ይይዛል። ከቁጥሩ ቀጥሎ መለያ ቃል ይገባል። መለያዎቹ በፋይሉ ላይ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት፤ እዚህ በእኛ ፊደል እናስቀምጣቸው። «ኔም» ስም ነው፣ «ታይፕ» የስሙ ዓይነት ነው፣ «ፍሬዝ» ዓይነቱን በራስ ቃል ማብራሪያ ነው፣ «ኒክ» የቅጽል ስም ነው፣ «ኖት» ማስታወሻ ነው።

ሁሉም የሚያውቀውን ሰው እንውሰድ። «ሚዛን ተፈሪ» የሚለው የከተማ ስም በውስጡ የያዘው ንጉሠ ነገሥት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ሲወለዱ ተፈሪ ተባሉ። የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሥላሴ ነው፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ይኸው የክርስትና ስም የንግሥና ስማቸው ሆነ። የፈረስ ስማቸው አባ ጠቅል ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣው ሰባተኛው የጄድኮም እትም ሥርዓት ስማቸው እንዲህ ይጻፋል፦

1 ኔም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ
2 ታይፕ አዘር
3 ፍሬዝ የክርስትና ስም፣ በኋላ የንግሥና ስም
1 ኔም ተፈሪ መኮንን
2 ታይፕ በርዝ
1 ኔም አባ ጠቅል
2 ታይፕ አዘር
3 ፍሬዝ የፈረስ ስም

ሦስት ስም፣ ሦስት መስመር፣ ለእያንዳንዱም ዓይነቱ ከሥሩ። ሥርዓቱ የሚያውቃቸው የስም ዓይነቶች ጥቂት ናቸው፦ የትውልድ ስም («በርዝ»)፣ ሲያገቡ የወሰዱት ስም፣ ከጋብቻ በፊት የነበረ ስም፣ ሲሰደዱ የያዙት ስም፣ የሙያ ስም፣ «በዚህም ይታወቃሉ» የሚባል ስም፣ እና «ሌላ» («አዘር»)። የክርስትና ስም፣ የፈረስ ስም፣ የቤት ስም የሚባሉት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ሆኖም «ሌላ» ብሎ ከሥሩ በራስ ቃል ማብራራት ስለሚቻል የእኛ ስሞች ቦታ አላጡም። ያ የማብራሪያ መስመር ካልተጻፈ ግን ከሃምሳ ዓመት በኋላ ፋይሉን የሚከፍት ሰው «አባ ጠቅል» የሌላ ሰው ስም ይመስለዋል።

ጉዳዩ ነገሥታትን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ችግሩን አጉልተው የሚያሳዩት ግን እነሱ ናቸው። አፄ ቴዎድሮስ ካሣ ኃይሉ፣ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ ካሣ ምርጫ ነበሩ። በፈረስ ስማቸው አንደኛው አባ ታጠቅ፣ ሁለተኛው አባ በዝብዝ ይባላሉ። አንድ ፕሮግራም የመጀመሪያ ስማቸውን ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ቢጥለው በአንድ ዘመን የኖሩ ሁለት ካሣዎች ይቀራሉ። በየመንደሩ ስንት ከበደ፣ ስንት ወልደ ማርያም እንዳለ ለሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል ስሕተት እንደሚያስከትል ግልጽ ነው። በዘር ቆጠራ ጊዜ ሁለቱን ከበደዎች የሚለየው ብዙውን ጊዜ የቅጽል ስማቸው ነው።

የሚመረጠው ስም የትኛው ነው ለሚለው የጄድኮም መልስ አጭር ነው፤ መጀመሪያ የተጻፈው ነው። ሌላ ምልክት የለውም። ስለዚህ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ራሱ መረጃ ነው፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ቅደም ተከተሉን ቢያዛባ ቤተሰቡ የመረጠው ስም ወደ ታች ይወርዳል። ጀርመኖች ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። ልጅ ሁለት ሦስት ስም ይወጣለትና የሚጠራው በአንዱ ነው፤ ያንን አንዱን «ሩፍናሜ» ይሉታል። ጄድኮም ለእሱ ቦታ ስላልነበረው የጀርመን የፕሮግራም ሠሪዎች ተስማምተው የራሳቸውን መለያ አወጡለት። እንዲህ ያለ የግል መለያ ከታች ሰረዝ ይጀምራል፤ ሥርዓቱም ይፈቅደዋል። ችግሩ ስምምነቱን የማያውቅ ፕሮግራም መስመሩን ሊያልፈው መቻሉ ነው።

ስም በዝውውር ላይ የሚጠፋባቸው መንገዶች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው የቅጽል ስምን በቅንፍ አድርጎ ከዋናው ስም ጋር መጻፍ ነው። «ብርሃኑ (ጥላዬ)» ብሎ የጻፈ ሰው ለዓይኑ ግልጽ ነው፤ ተቀባዩ ፕሮግራም ግን ቅንፉን ጨምሮ ሁሉንም የመጀመሪያ ስም ያደርገዋል። ከዚያ ብርሃኑ ሲፈለግ አይገኝም፤ ፋይሉ ከዘመድ ፋይል ጋር ሲቀላቀልም አንዱ ሰው ሁለት ይሆናል። ሁለተኛው «አሊያ» የሚባለውን መለያ ለቅጽል ስም መጠቀም ነው። ይህ መለያ የተሠራው ምናልባት አንድ ሊሆኑ የሚችሉ ሁለት መዝገቦችን ለማገናኘት ነበር፤ ብዙ ፕሮግራሞች ግን ቅጽል ስም ጻፉበት፤ ስለዚህ ሲሻገር አንዳንዱ ይቀበለዋል፣ አንዳንዱ ይጥለዋል። ሦስተኛው ተቀባዩ ፕሮግራም አንድ ስም ብቻ የሚይዝ ሲሆን ሌሎቹን መተው ወይም ማስታወሻ ውስጥ መክተት ነው።

አራተኛው የፊደል ጉዳይ ነው፤ እኛን ይበልጥ የሚጎዳውም እሱ ነው። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደሎች ለኮምፒውተር በአንድ ሥርዓት በሚይዘው በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በሦስተኛው እትም ነው። ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የዩኒኮድ አጻጻፍ የሚቀበለው የጄድኮም 5.5.1 ረቂቅም የወጣው በዚያው ዓመት በጥቅምት ነው። ረቂቁ የጸደቀው ግን ከ20 ዓመት በኋላ በኅዳር 2019 ነበር። ሰባተኛው እትም ከዩቲኤፍ-8 ሌላ አይቀበልም። ከዩቲኤፍ-8 በፊት በነበረ አሠራር የወጣ ፋይል «ወለተ ማርያም»ን ወደ ጥያቄ ምልክት ሊቀይረው ይችላል። በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ ዘመን የተጻፈ የቤተሰብ ዝርዝር ያለው ሰውም መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ማዞር አለበት፤ ያለዚያ የተሻገረው ፊደል ትርጉም አልባ የላቲን ምልክት ሆኖ ይቀራል።

ፊደሉ በትክክል ቢሻገርም ኃይሌና ሀይሌ፣ ፀሐይና ጸሃይ ለኮምፒውተር የተለያዩ ስሞች ናቸው። ለዚህ መፍትሔው በቤተሰቡ ውስጥ አንድ አጻጻፍ መርጦ በዋናው መስመር ማስቀመጥና በየሰነዱ የተገኘውን ሌላ አጻጻፍ በተጨማሪ የስም መስመር መያዝ ነው። በሰባተኛው እትም አንድን ስም በሌላ ቋንቋና ፊደል ለመጻፍ የተለየ መለያ አለ፤ በፓስፖርት ላይ ያለው የላቲን አጻጻፍ እዚያ ይገባል።

የአባት ስም ሌላው መሰናክል ነው። ጄድኮም የቤተሰብን ስም በሁለት ዘንባላ መስመር መካከል ያስገባል፤ ብዙ ፕሮግራሞችም ስሙ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ አድርገው ያስባሉ። በእኛ አገር ልጅ የሚጠራው በአባቱ የመጀመሪያ ስም ነው፤ ሴትም ስታገባ ስሟን አትለውጥም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ32ኛው አንቀጹ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የመጀመሪያ ስምና የአባት ስም ቢያስብም የቤተሰብ ስሙ በአገሩ አልተለመደም። አይስላንዶችም በአባት ስም ነው የሚጠሩት፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ለሕዝብ የተከፈተው የአይስላንዶች የትውልድ መዝገብ ያለ ቤተሰብ ስም ሕዝቡን አያይዞ መያዝ እንደሚቻል አሳይቷል። የዘንባላ መስመሩ ግዴታ አይደለም። እንደ ግራምፕስ ባሉ ፕሮግራሞችም «የአባት ስም» የሚል ምርጫ አለ። የባልን ስም ለሚስት በራሱ የሚሞላ ፕሮግራም ሲያጋጥም ያን አሠራር ማጥፋት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ማዕረግንም ከስም መለየት ይገባል፤ ግራዝማችነትና ቅስና ሰው የሚያገኛቸው በሆነ ዓመት ነውና ዓመት በሚይዘው የማዕረግ መለያ ይጻፉ።

ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ወደ ሚዛንና ቴፒ እንመለስ። እዚህ የቤት ስም የሚባለው ነገር ክብደቱ የተለየ ነው። ብዙ ሰዎች በትምህርት ቤት ወይም በጥምቀት የአማርኛ ስም ተሰጥቷቸው እናት ያወጣችው ስም ከቤት ሳይወጣ ቀርቷል። ፕሮግራሙ «ቅጽል ስም» የሚል ሳጥን ስላለው ብቻ ያንን ስም እዚያ ከተትን እንበል፤ የመጀመሪያው ስም የቀልድ ስም ተደርጎ ተመዘገበ ማለት ነው። እንዲህ ያለው ስም ቦታው «ኒክ» ሳይሆን የትውልድ ስም ነው። ሰውየው ራሱ የሚመርጠው የአማርኛውን ከሆነ የአማርኛው ስም ከላይ ይሁን፤ የትውልድ ስሙ ግን በራሱ መስመር፣ በራሱ ዓይነት፣ ከነቋንቋው ይጻፍ።

ቤንችኛ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ይህ ቋንቋ ቃልን ከቃል የሚለይባቸው አምስት የድምፅ ከፍታዎች አሉት፤ በፉጨትም ይነገራል። ከፍታውን የማያሳይ አጻጻፍ፣ በአማርኛ ፊደል የተጻፈውን ጨምሮ፣ የስሙን ግማሽ ይተዋል። ሽማግሌ ወይም አሮጊት ስሙን ሲጠሩ በስልክ መቅዳትና ፋይሉን ከሰውየው መዝገብ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሰባተኛው እትም ድምፅና ፎቶን ከዝርዝሩ ጋር በአንድ ጥቅል የሚይዝበት መንገድ አለው።

ስም ከነመነሻው መመዝገቡ ምን እንደሚጠቅም የአገሩ ቡና ራሱ ምስክር ነው። ከጌሻ አካባቢ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. የተሰበሰበ ዘር በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ እዚያም ቲ-2722 ተብሎ ተመዘገበ። በ1960ዎቹ ፓናማ ገባ፤ በ2004 በውድድር ላይ ዓለም አወቀው። የስሙ አጻጻፍ በየአገሩ ቢለዋወጥም የመነሻው ስምና የመዝገብ ቁጥሩ አብረውት ስለተጓዙ የት እንደበቀለ ዛሬ ማወቅ ተችሏል። ለሰውም የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

መንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባን በአገር አቀፍ ደረጃ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ለተወለደው ለአብዛኛው ሰው ወጥ የልደት መዝገብ የለም። ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አዛውንቶች በአፋቸው የያዙት ስም ነው ያለው። ስለዚህ ማስረጃው እነሱ ናቸው፤ ማን፣ መቼ፣ በምን ስም እንደጠራ ከስሙ ሥር በማስታወሻ ይጻፍ።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሁሉንም ሰው ከማሻገር በፊት ብዙ ስም ያለውን አንድ ሰው ብቻ ለሙከራ አውጡ። ፋይሉን በኖትፓድ ከፍታችሁ እያንዳንዱ ስም በራሱ መስመር መኖሩን፣ ዓይነቱ ከሥሩ መጻፉን፣ የግዕዙ ፊደል መነበቡን እዩ። ከዚያ ወደ አዲሱ ፕሮግራም አስገብታችሁ መልሳችሁ አውጡና ሁለቱን ፋይሎች አስተያዩ። የጎደለ ካለ የሚታየው እዚህ ነው። አሮጌውን ፋይል አትሰርዙ። በሕይወት ያለ ሰው የማይወደው የቅጽል ስም ካለ ከሰውየው ጋር ተማከሩ፤ መዝገቡን ምስጢራዊ የሚያደርግ መለያም አለ። የሁሉም ስሞች ዝርዝር ደግሞ በወረቀት ታትሞ ከቤተሰቡ ሰነድ ጋር ይቀመጥ።

ፕሮግራም ይለወጣል፣ ድርጅትም ሊዘጋ ይችላል። ዓይነቱና ምንጩ ተለይቶ የተጻፈ ስም ግን ከየትኛውም ፕሮግራም ወደ የትኛውም መሻገር ይችላል። የመጀመሪያ ስማቸውን ከራሳቸው ሌላ የሚያውቅ የሌላቸው አያቶች በሚዛንም በቴፒም ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ሥራው ከእነሱ ይጀመር።