ተጨማሪ መረጃ፦ በጀት ሳይጸድቅ ሲቀር

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 2025 መጀመሪያ ድረስ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ በማኅበር የመደራጀት ሕጋዊ መብት ነበረው። ይህን መብት በሕግ ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ሕግ ነው። ይሁንና የአብዛኞቹ ደመወዝ በሕግ ስለሚወሰን ማኅበሩ የሚደራደረው በሥራ ሁኔታ ላይ ብቻ ነው። አድማም ክልክል ነው። በ1981 ሥራ ያቆሙ ከ11,000 በላይ የአየር በረራ ተቆጣጣሪዎችን ፕሬዚዳንት ሬገን በቀናት ውስጥ አሰናብተዋቸዋል።

ስለዚህ ኮንግረስ በጀት ሳያጸድቅ ሲቀር ዕዳው የሚወድቀው ሠራተኛው ላይ ነው። ከዲሴምበር 2018 ጀምሮ ለ35 ቀናት መንግሥት በከፊል በተዘጋ ጊዜ 800,000 ያህል ሠራተኞች ደመወዛቸው ተቋረጠ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያለ ክፍያ ሥራ ገበታቸው ላይ እንዲገኙ ታዘዙ። አውሮፕላን ሲያሳርፉ የሰነበቱ ተቆጣጣሪዎች የደመወዝ ወረቀታቸውን ሲያዩ ያገኙት ዜሮ ዶላር ነበር፤ የቤት ኪራዩ ግን ቀኑን አልሳተም። የአሜሪካ የመንግሥት ሠራተኞች ፌዴሬሽን መንግሥትን ከሰሰ። ጃንዋሪ 25 ቀን 2019 በተቆጣጣሪዎች እጥረት ወደ ኒው ዮርኩ ላጓርዲያ የሚደረጉ በረራዎች ለጊዜው ቆሙ። መንግሥት እንዲከፈት ስምምነት የተደረሰውም በዚያው ዕለት ነው።

በዚያው ወር የወጣ ሕግ ለሠራተኞቹ ውዝፍ ደመወዝ እንዲከፈል አዟል። በኮንትራት ድርጅቶች በኩል የተቀጠሩትን የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞች ግን አላካተተም፤ ይህ ትልቅ በደል ነው።