ከወይራ ስኪ አይወጣም

ስኪና ስኖውቦርድ በቤት መሥራት በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች የቆየ ሙያ ነው። በውጭ ያለ ዘመድ የላከውን ቪዲዮ ያየ ሰው አርሲ ውስጥ ሳጉሬ ላይም ቢሆን መጠየቁ አይቀርም፦ «ከዚህ ካለው ዕቃ አይሠራም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን በአብዛኛው ወሬ ነው፤ ወሬውም ደጋግሞ የሚስተው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጥንካሬንና ጎብጦ መመለስን አንድ አድርጎ ያያል።

«ሐበሻና ስኪ ምን አገናኛቸው?»

አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን፣ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ በአገር አቋራጭ ስኪ ተወዳድሯል። አሰላና በቆጂ ባፈሯቸው ሯጮች ስም የተነሣ አርሲ ውስጥ ስፖርት ሲባል ሩጫ ብቻ ትዝ ቢል አይገርምም።

«ስኪ ፕላስቲክና ብረት ነው፤ እንጨት የድሮ ነው።»

ላዩ ያብለጨልጫል፣ ጠርዙ ብረት ነው፤ ስለዚህ ዓይን ይታለላል። የጥሩ ስኪ ውስጡ ግን ዛሬም በአብዛኛው እንጨት ነው። አሜሪካዊው ሃዋርድ ሄድ እ.ኤ.አ. በ1950 አካባቢ ለገበያ ያቀረበው ዝነኛው የአሉሚኒየም ስኪ እንኳ በሁለቱ ብረቶች መካከል ኮምፔንሳቶ ነበረው። አሠራሩ እንደ አነባበሮ ድርብ ነው፤ ከታች የሚንሸራተተው ንጣፍ፣ ቀጥሎ ፋይበር ግላስ፣ መሐል እንጨት፣ እንደገና ፋይበር ግላስ፣ ከላይ ሽፋኑ።

«ጠንካራ እንጨት ከሆነ ይበቃል፤ ወይራ እያለ ምን ይፈለጋል?»

የደረቀ ወይራ በሜትር ኩብ ከ900 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ለስኪ ከሚመረጡት እንጨቶች ፖፕላር የዚህን ግማሽ ያህል ቢመዝን ነው፤ ፓውሎኒያ ደግሞ ከዚያም ይቀላል። ክብደቱ ይቻል ቢባል እንኳ ወይራ አጭርና ጠማማ ነው፤ ጉጥ የሌለበት፣ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ቀጥ ያለ ቁራጭ ማግኘት ጭንቅ ነው። ወሬው የሚጸናው ወይራ በዱላና በመጥረቢያ እጀታ ማንንም አሳፍሮ ስለማያውቅ ነው። እጀታ ግን እንዲጎብጥ አይፈለግም። የስኪ የውስጥ እንጨት ግን ከእግር ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወፍሮ ወደ ጫፎቹ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ እስኪሆን ይሳሳል፤ ሥራውም ሺህ ጊዜ ጎብጦ ሺህ ጊዜ መመለስ ነው።

«ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ይደርቃል።»

ከሳጉሬ እስከ በቆጂ መንገዱን ይዞ የቆመው ነጭ ባሕር ዛፍ ቁመናው በእርግጥ ያማልላል። ሲሰነጠቅ ግን በዕድገቱ ጊዜ የታመቀው ውጥረት ይለቀቅና ጣውላው ጫፉ ላይ ይተረተራል፤ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ደግሞ ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚደርቅ ይጣመማል። ይህን ብዙ ሰው ልብ የማይለው ባሕር ዛፍን የሚያውቀው በቤት ግድግዳ ላይ ስለሆነ ነው፤ እዚያ ላይና ታች በምስማር ተይዞ፣ ጭቃ ተመርጎበት ጠመሙ አይታይም። ለስኪ የሚሆን እንጨት እርጥበቱ ከ10 በመቶ በታች መውረድ አለበት። በዘልማድ ስሌት 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ሥር አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ በአርሲ ደጋ ዝናብና ጉም ደግሞ የመጨረሻዋን እርጥበት ለማውጣት ሞቅ ያለ ክፍል ያስፈልጋል። ከዚያም ጣውላው እንዳለ አይገባም፤ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ፣ የአንዱ ጠመም የሌላውን እንዲይዝ እያፈራረቁ ጎን ለጎን ይጣበቃል።

ጥድና ዝግባ የሚሉም አሉ። ጥድ ተሰባሪ ነው፤ ሁለቱንም ከተፈጥሮ ደን ያለ ፈቃድ መቁረጥ ደግሞ በሕግ ያስጠይቃል።

«ቀርከሃ ለአጥርና ለቅርጫት ነው።»

ከሁሉ የሚያስቆጨው ይህ ነው። በቀጭኑ ተሰንጥቆ፣ ተልጎና ተጣብቆ የተሠራ ቀርከሃ በዓለም ገበያ በሚሸጡ ስኪዎችና ስኖውቦርዶች ውስጥ አለ፤ ጎብጦ በመመለስ ብዙ እንጨት አይስተካከለውም። ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ናት፤ ደገኛው በሲዳማ፣ በአዊና በሸካ፣ ቆለኛው በቤንሻንጉል ጉሙዝ ይበቅላል። ስሙን ያጠፋው አቆራረጡ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተቆረጠ ቀርከሃ ሲደርቅ ይሟሽሻል፤ ስታርቹ ያልወጣለትን ደግሞ ነቀዝ ይበላዋል። ነቀዝ የበላው ወንበር ያለው ሰው ቀርከሃን ባያምን አይፈረድበትም፤ ጥፋቱ ግን የቀርከሃው አይደለም።

«ኮላ ያው ኮላ ነው።»

ነጩ የአናጢ ኮላ ውሃ ሲያገኘው ይለሰልሳል፤ በረዶ ደግሞ ውሃ ነው። የመኪና አካል ጠጋኞች ከፋይበር ግላስ ጋር የሚቀቡት ፖሊስተር ርካሽ ነው፤ እንጨት ላይ ግን እንደ ኢፖክሲ አይዝም፣ ሲጎብጥም ይሰነጠቃል። የሚያስፈልገው ኢፖክሲ ነው፤ ሁለቱ ፈሳሾችም በተጻፈው ልክ እንጂ በዓይን ግምት አይቀላቀሉም።

«ለታችኛው ንጣፍ ጀሪካን ተቆርጦ ይለጠፋል።»

ይህ ወሬ ከሌሎቹ ይሻላል፤ ቢጫው ጀሪካንና የስኪ ንጣፍ ሁለቱም ፖሊኢትሊን ናቸውና። ልዩነቱ የስኪው ሞለኪውል እጅግ ረጅም መሆኑ ነው፤ መፋቅን የሚቋቋመውም ለዚህ ነው። ፖሊኢትሊን ሙጫ አይቀበልም፤ የፋብሪካው ንጣፍ አንድ ፊቱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ጀሪካኑ በኢፖክሲም ቢሆን እንዲሁ ቢለጠፍ ስኪው ገና ሲጎብጥ ተላጦ ይወድቃል። እንግዲህ ንጣፉን ማስመጣት ግድ ነው።

«ጠርዙን ከላሜራ መቁረጥ ይቻላል።»

ላሜራ ለስላሳ ብረት ነው፤ አንድ ድንጋይ ሲነካው ይጎብጣል፣ ስለቱም ወዲያው ይደነዝዛል። ቁልቁል ለሚወርደው ስኪና ለስኖውቦርድ ጠርዙ ሙቀት ጠጥቶ የጠነከረ ብረት መሆን አለበት። ሮቤል የተወዳደረበት ዓይነት የአገር አቋራጭ ስኪ ግን ጨርሶ የብረት ጠርዝ የለውም።