የኵሬ ዓሣና የእህል ቀለብ

በኵሬ ዓሣ የሚያረባ ሰው ከሚያወጣው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን፣ አንዳንድ ጊዜም ከግማሽ የሚበልጠውን የሚወስደው ቀለብ ነው። ከቀለቡም መካከል ዋጋው የሚከብደው እንደ ዓሣ ዱቄት፣ እንደ አኩሪ አተርና እንደ ኑግ ፋጉሎ ያለው ፕሮቲን ያለበት ነው። በቆሎና ፉርሽካ ግን በንጽጽር ርካሽ ናቸው። ስለዚህ ቀለብ አዘጋጅቶ የሚሸጥ ነጋዴ እህሉን አብዝቶ ፕሮቲኑን ቢያሳንስ የሚያተርፍ ይመስለዋል። ይህ አሳብ ከፊሉ እውነት ሲሆን፣ ከፊሉ ደንበኛን የሚያሳጣ ስሕተት ነው። ልዩነቱንም የሚወስነው ቀለቡን የሚበላው የዓሣ ዐይነት ነው።

ዓሣ በተፈጥሮው ያለ እህል መኖር የሚችል ፍጥረት ነው። የሚያስፈልገውን ስኳር ጉበቱ ከፕሮቲን ይሠራለታል። ፕሮቲን ሲቃጠል የሚወጣውንም አሞኒያ በስንጥቡ በኩል በቀላሉ ወደ ውሃው ይጥለዋል እንጂ፣ እንደ የብስ እንስሳ ወደ ዩሪያ ለመለወጥ ኀይል አያባክንም። እንግዲህ ውዱን ፕሮቲን እንደ ማገዶ ማንደድ ለዓሣው አይከብደውም፤ የሚከብደው ለባለ ኵሬው ነው። እህል በልኩ ሲገባ ግን ማገዶው እርሱ ይሆንና ፕሮቲኑ ሥጋ ለመሥራት ይተርፋል። ጥያቄው ልኩ ስንት ነው የሚለው ነው።

ነገሩ ጎልቶ የሚታየው በትራውት ነው። ከኬንያ መጥቶ በባሌ ወንዞች የተለቀቀው፣ በአውሮፓና በአሜሪካም በብዛት የሚረባው ይህ ዓሣ ሥጋ በል ነው። በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ከምግብ በኋላ ከፍ ያለው ስኳር በ2 ወይም በ3 ሰዓት ወደ ልኩ ሲመለስ፣ እህል የበዛበት ቀለብ የበላ ትራውት ግን ስኳሩ እስከ 1 ቀንና ከዚያም በላይ ከፍ እንዳለ ይቆያል። ሰው ቢሆን ኖሮ የስኳር በሽተኛ በተባለ ነበር። ሆኖም ዓሣ ኢንሱሊን አላጣም፤ እንዲያውም ጆን ማክላውድ የተባሉት ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. በካናዳ ከዓሣ አካል ኢንሱሊን አውጥተዋል። ጉድለቱ ሌላ ነው። የሰው ጉበት ስኳር ከምግብ ሲመጣለት የራሱን ሥራ ይቀንሳል፤ የትራውት ጉበት ግን ስኳር ሞልቶ ሳለ ከፕሮቲን አዲስ ስኳር መሥራቱን በሚገባ አይተውም። ሥጋውም ስኳሩን ከደም የሚስበው በዝግታ ነው። የተረፈው በጉበት ይከማቻል፤ ጉበቱ ይገዝፋል፤ ዕድገቱም ይዘገያል። በ1948 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት ፊሊፕስና ባልደረቦቻቸው ይህንን መርምረው ለትራውት የሚሰጠው ካርቦሃይድሬት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ መክረው ነበር። ዛሬ እስከ 20 በመቶ ይፈቀዳል።

ቆሮሶ ግን በሐይቅ ውስጥ ደቃቅ የውሃ ተክል እየለቀመ የሚኖር በመሆኑ አንጀቱ ረጅም ነው፤ ከ30 እስከ 40 በመቶ ካርቦሃይድሬትም በደኅና ይሸከማል። ካርፕም እንዲሁ ነው። አምባዛ በበኩሉ ከቆሮሶ የበለጠ ፕሮቲን ይሻል። የሚያስደንቀው፣ ቆሮሶ ከንጹሕ ግሉኮስ ይልቅ በስታርች ተመግቦ የተሻለ ማደጉ ነው። ግሉኮሱ ባንድ ጊዜ ወደ ደሙ ሲገባበት፣ ስታርቹ ቀስ እያለ ስለሚፈጭ ፋታ ይሰጠዋል።

ፉርሽካን ከበቆሎ ጋር በአንድ ዐይን ማየት አይገባም። በፉርሽካ ውስጥ ያለውን አሠር የዓሣ ሆድ ስለማይፈጨው ተመልሶ ውሃውን ያቆሽሻል። የበቆሎው ስታርች ደግሞ በእንፋሎት ሲበስል በቀላሉ ይፈጫል፤ የቀለቡንም ፍሬ አጣብቆ ስለሚይዘው በውሃ ላይ ተበትኖ አይቀርም። ጥሬ ዱቄት የሚበትን ሰው ግን ገንዘቡን ለውሃው ሰጠ ማለት ነው።

ገዢም ሆነ ሻጭ ሊያሰላው የሚገባው የ1 ኩንታል ዋጋን ብቻ አይደለም፤ 1 ኪሎ ዓሣ ለማውጣት ስንት ኪሎ ቀለብ እንደሚጠይቅ ጭምር ነው። ለምሳሌ አንዱ ቀለብ 1.5 ኪሎ፣ ሌላው 2.5 ኪሎ የሚጠይቅ ቢሆን፣ ሁለተኛው በሲሶ ቢረክስ እንኳ ለባለ ኵሬው የሚወደድበት እርሱ ነው።