ከፍ ያለ የጉበት ኢንዛይም፦ የአዩርቬዳ ዕፅዋት መፍትሔ ይሆናሉ?

በደቡብ ሱዳን መዲና ጁባ የደም ምርመራ አድርጎ "ኤኤልቲ" እና "ኤኤስቲ" የተባሉት የጉበት ኢንዛይሞች ከፍ ማለታቸው የተነገረው ሰው፣ ጉበትን "ያጸዳሉ" የሚባሉ ዱቄቶችንና እንክብሎችን ለማግኘት ስልኩን መክፈት ብቻ ይበቃዋል። የብዙዎቹ መነሻ አዩርቬዳ የተሰኘው ጥንታዊ የህንድ ሕክምና ነው።

ኢንዛይሞቹ በጉበት ሕዋሳት ውስጥ የሚገኙ ሲሆን፣ ሕዋሳቱ ሲጎዱ ወደ ደም ይፈስሳሉ። ስለዚህ የቁጥሩ መጨመር ምልክት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። መንስኤው አልኮል፣ በጉበት ላይ የተከማቸ ስብ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ወይም ቫይረስ ሊሆን ይችላል።

በጁባ በቅድሚያ መጣራት ካለባቸው አንዱ ቫይረስ ነው። በጁባ የማስተማሪያ ሆስፒታል የእርግዝና ክትትል በሚያደርጉ ሴቶች ላይ የተካሄደና እአአ በ2017 የታተመ ጥናት፣ ከ100 ነፍሰ ጡሮች 11 ያህሉ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው አሳይቷል። በተበከለ ውሃ የሚተላለፈው ሄፓታይተስ ኢም በአገሪቱ በተደጋጋሚ ይከሰታል። በ2022 በቤንቲዩ የተፈናቃዮች መጠለያ የተሰጠው ክትባት ወረርሽኙን ለመግታት በዓለም የመጀመሪያው ነበር።

አዩርቬዳ ጉበትን "ፒታ" ከሚለው የእሳትና የሐሞት ጠባይ ጋር ያያይዘዋል። በኢትዮጵያ "የወፍ በሽታ" የሚባለውን የዓይንና የቆዳ ቢጫ መሆን "ካማላ" ይለዋል፤ መራራ ዕፅዋትንም ያዝዛል። ከእነዚህ መካከል "ፊላንተስ አማረስ" የተባለው ተክል በአንድ ወቅት ታላቅ ተስፋ አጭሮ ነበር። በ1988 በህንዷ ማድራስ የተደረገ ጥናት፣ ተክሉን ከወሰዱ የሄፓታይተስ ቢ ተሸካሚዎች 59 በመቶው ደም ውስጥ የቫይረሱ ምልክት እንደጠፋ ገለጸ። በኋላ የተካሄዱ ሙከራዎች ግን ያንን ውጤት መድገም አልቻሉም።

ሌላው ችግር ዕፅዋቱ ራሳቸው ጉበትን ሊጎዱ መቻላቸው ነው። በኮቪድ-19 ወቅት "ጊሎይ" የተባለውን ሐረግ ለበሽታ መከላከያ ብለው የወሰዱ ህንዳውያን የጉበት ብግነት እንደገጠማቸው ሐኪሞች ዘግበዋል፤ የአገሪቱ የባህላዊ ሕክምና ሚኒስቴር ግን ድምዳሜውን አልተቀበለም። በአሜሪካም ከእርድ እንክብል ጋር የተያያዙ የጉበት ጉዳቶች ተመዝግበዋል። በአንዳንዶቹ እንክብሎች ውስጥ እርዱ በሰውነት በብዛት እንዲመጠጥ የሚያደርግ የቁንዶ በርበሬ ንጥረ ነገር አለ። ይህ አልጫ ወጥ ላይ ከሚነሰነሰው እርድ ጋር የሚነጻጸር መጠን አይደለም።

ተፈጥሯዊ መሆን ለደኅንነት ዋስትና እንደማይሆን ኢትዮጵያም ታውቃለች። ከ2001 ጀምሮ በሰሜን ምዕራብ ትግራይ አርሶ አደሮችን የገደለው የጉበት በሽታ ከእህል ጋር ከተቀላቀለ መርዛማ አረም ጋር ተያይዟል።

ዕፅዋት እየወሰደ የሚገኝ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፤ መንስኤው ዕፁ ራሱ ከሆነ ማቆሙ ብዙ ጊዜ ቁጥሩን ይመልሰዋል። መንስኤው ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ግን የኢንዛይሙ ቁጥር ወደ መደበኛው መውረዱ ብቻ ቫይረሱ መጥፋቱን አያሳይም፤ ጉበቱ በዝምታ ሊጠባበስ፣ ወደ ካንሰርም ሊያመራ ይችላል። ቫይረሱን የሚያዳክመው ቴኖፎቪር ለኤችአይቪ ሕክምና በአፍሪካ በስፋት ይታደላል። ሄፓታይተስ ቢ ብቻ ላለበት ሰው ግን ያንኑ ክኒን ማግኘት ሁልጊዜ ቀላል አይደለም።